የጎንደር ግንቦችና ክረምት

ከአንድ መሐንዲስ፤ ልደታ፣ አዲስ አበባ

ስለ አገራችን የሕንፃ ታሪክ ውይይት በተነሣ ቍጥር ሦስት ስሞች ተከታትለው ሲጠሩ እንሰማለን፤ አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር። ከሦስቱ በአሠራሩ ለእኛ ሙያ ይበልጥ የሚቀርበው የመጨረሻው ነው። የአክሱም ሐውልቶች ከአንድ ወጥ ድንጋይ ተጠርበው የቆሙ ናቸው። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። የጎንደር ግንቦች ግን ዛሬ እኛ እንደምንሠራው ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተነባብሮ፣ በማያያዣ ተጣብቆ፣ ወለልና ጣሪያ ተዘርግቶለት የተገነቡ ፎቅ ቤቶች ናቸው። ስለዚህ መሐንዲስ ጎንደርን ሲጐበኝ የራሱን የሥራ ዘርፍ አንድ ጥንታዊ ምዕራፍ እያነበበ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይሁን እንጂ ይህን ምዕራፍ እንዳናነብ የሚጋርደን አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ተረት ነው። የጕዞ ወኪሎችና የውጭ አገር መጻሕፍት ጎንደርን «የአፍሪካ ካሜሎት» እያሉ መጥራት ከጀመሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ካሜሎት በእንግሊዞች አፈ ታሪክ ውስጥ ንጉሥ አርተር የተባለው ጀግና ነገሠባት የምትባል፣ በየትኛው ስፍራ እንደነበረች ተለይቶ የማይታወቅ ከተማ ናት። ጎንደር ግን በካርታ ላይ ያለች፣ መሥራቿም ዘመኗም የታወቀ፣ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት። ያለውን ነገር በሌለው ስም መጥራት ለማስታወቂያ ይጠቅም ይሆናል፤ ለሕንፃው ግን አይጠቅምም። በተረት ውስጥ ያለ ግንብ ኖራ አይቃጠልለትም፤ ድንጋይ ጠራቢ አይቀጠርለትም፤ ጣሪያው አያፈስም፤ ጥገናም አይሻም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጎንደርን ግንቦች ከተረት አውጥቶ ከክረምት ጋር ማገናኘት ነው። ግንቦቹ የተወለዱት ከክረምት የተነሣ ነው፤ የሚጎዳቸውም ክረምት ነው፤ ዕድሜያቸውም የሚለካው እኛ ከክረምት በፊትና በኋላ በምንሠራው ሥራ ነው የሚል እምነት አለኝ። «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ከሌለ በቀር የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

ሁለት ዓይነት ክረምት፣ ሁለት ዓይነት ግንብ

በአውሮፓ «የተረት ግንብ» ሲባል አስቀድሞ በአእምሮ የሚመጣው በደቡብ ጀርመን፣ በባየርን የሚገኘው ኖይሽቫንሽታይን ነው። በእነርሱ ክረምት፣ ማለትም በታኅሣሥና በጥር፣ ተራራው በረዶ ሲለብስ በሺሕ የሚቈጠሩ ሰዎች በአስጐብኚ እየተመሩ ለአንድ ቀን ጕብኝት ወደዚያ ይጐርፋሉ። ግንቡ ሲታይ የመካከለኛው ዘመን ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ንጉሥ ሉድቪግ 2ኛ ሥራውን ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1869፣ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ግድግዳው በጡብ ተሠርቶ ፊቱ በነጣ ድንጋይ የተለበጠ፣ የዙፋኑ አዳራሽ በብረት ተሸካሚ የተያዘ፣ ክፍሎቹም በሞቀ አየር የሚሞቁ የእንፋሎት ዘመን ሕንፃ ነው። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1886 ሲሞት ገና አላለቀም ነበር፤ በሳምንታት ውስጥም ለጐብኚ ተከፈተ። አንድ ንጉሥ ያለፈውን ዘመን እያለመ ያሠራው ነውና ተረት የሚለው ስም ይገባዋል።

የጎንደር ግንቦች ከዚህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይበልጣሉ። ሕግ የታወጀባቸው፣ ፍርድ የተሰጠባቸው፣ ሠራዊት የተመገበባቸው፣ የሃይማኖት ክርክር የተደረገባቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። ዩኔስኮ ፋሲል ግቢንና በጎንደር አካባቢ ያሉትን ቅርሶች በዓለም ቅርስነት የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው፤ የንጉሥ ሉድቪግ ግንቦች የተመዘገቡት ከዚያ 46 ዓመት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። የእነርሱ ተረት በየዓመቱ በበጀትና በባለሙያ ሲጠበቅ የእኛ እውነት በተረት ስም ሲወደስ ብቻ መኖሩ ሊያሳስበን ስለሚገባ ነው።

ክረምት በሁለቱ አገሮች አንድ ነገር አለመሆኑንም ማስተዋል ይገባል። የእነርሱ ክረምት ውኃን አርግቶ በረዶ የሚያደርግ ብርድ ነው። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ዝናብ ነው። በጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ነው። አንድ መቶ ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ 1,000 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድ አንድ መቶ ቶን ውኃ ማለት ነው። ይህ ውኃ በአንድ በኩል መውጫ ካላገኘ በሌላ በኩል ራሱ መውጫ ይሠራል።

መክረሚያው መናገሻ ሲሆን

ከጎንደር በፊት ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን ቋሚ መናገሻ አልነበራቸውም። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን መናገሻ በድንኳን የተሠራ፣ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚነሣ ሰፊ ሰፈር አድርጎ ጽፎታል። «ከተማ» የሚለው ቃላችን ራሱ በጥንት ትርጕሙ የንጉሥና የሠራዊት ሰፈር ማለት ነበር፤ ንጉሡ ሲከትም ከተማ ይሆናል፣ ሲነሣ ሜዳ ይሆናል። ይህ ልማድ የራሱ ምክንያት ነበረው። ብዙ ሕዝብ በአንድ ቦታ ሲቆይ እህሉና ማገዶው ያልቃል፤ ንጉሡም በየአገሩ ካልታየ ግብሩና ታዛዥነቱ ይላላል።

በጋ የመንገድና የዘመቻ ወራት ነበር። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል፤ መሬቱ ይጨቀያል፤ ፈረስና በቅሎ መራመድ ይሳናቸዋል፤ ወታደሩም ለእርሻው ወደ አገሩ ይመለሳል። ስለዚህ ንጉሡ መክረሚያ ያስፈልገው ነበር። ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ከቆየው የአሕመድ ግራኝ ጦርነት በኋላ የመንግሥቱ ማእከል ቀስ በቀስ ወደ ጣና ሐይቅ አካባቢ ሲዛወር መክረሚያዎቹም አብረው ተዛወሩ። ከ1555 ዓ.ም. ጀምሮ የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንዳሠሩት የሚነገረው የጉዛራ ግንብ በእንፍራዝ አጠገብ ሐይቁን ቁልቁል እያየ ይገኛል። ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ የድንጋይ ቤተ መንግሥት አሠሩ። ልጃቸው ዐፄ ፋሲለደስ በ1624 ዓ.ም. ነግሠው በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ቆረቆሩ።

እንግዲህ ጎንደር በአንድ ሌሊት የበቀለች ከተማ አይደለችም። ነገሥታቱ ለክረምት የሚያርፉበት ስፍራ እየተደጋገመ፣ በድንኳኑ ቦታ ድንጋይ እየገባ፣ በመጨረሻ ዙፋኑ ከመክረሚያው የማይርቅ ሆነ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ነገሥታቱ በበጋ መዝመታቸውን አልተዉም፤ ነገር ግን ክረምት ሲመጣ የሚመለሱበት ቤት አገኙ።

አስጐብኚዎች የሚተርኩልን አፈ ታሪክ እንኳ ይህን ይደግፋል። መናገሻው «ጎ» በሚል ድምፅ በሚጀምር ስፍራ እንደሚሆን መልአክ ተናግሮ ነበር ይባላል፤ ጉዛራም ጎርጎራም የተመረጡት ለዚህ ነው ይባላል። ፋሲለደስም ለአደን ወጥተው አንድ ጎሽ ሲከተሉ ጎሹ ወደ ውኃ ዳር መራቸው፤ በዚያም አንድ ባሕታዊ ቦታውን አመለከታቸው ይላል። ተረቱን እንደ መሐንዲስ ላነበበው ሰው የቦታ መረጣ ጥናት ነው። ጎሽ የሚሄደው ወደማይነጥፍ ውኃ ነው፤ ጎንደርም በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል ከፍ ብሎ በሚገኝ መሬት ላይ ነው የተቆረቆረችው። በበጋ የሚጠጣ ውኃ በቅርብ አለ፤ የክረምቱም ጎርፍ በግራና በቀኝ ወደ ቆላው ይወርዳል።

የኖራ ነገር

ድንጋይ በኢትዮጵያ አልጠፋም፤ ድንጋይ ጠራቢም አልጠፋም። ታዲያ ከሦስት መቶ ዘጠና ዓመት በፊት ምን አዲስ ነገር መጥቶ ነው ፎቅ፣ ቅስትና ጉልላት በአንድ ጊዜ የበዛው? መልሱ አንድ ቃል ነው፤ ኖራ።

ከዚያ በፊት ተራው የድንጋይ ግድግዳ የሚያያዘው በጭቃ ነበር። ጭቃ በበጋ ደኅና ማያያዣ ነው፤ በክረምት ግን ከዝናብ ካልተጠበቀ ይታጠባል። ስለዚህ የጭቃ ግድግዳ ሰፊ የሣር ክዳን ያስፈልገዋል፤ ራሱን ለዝናብ አጋልጦ ወደ ላይ ሊረዝም አይችልም። የኢየሱሳውያን ካህናት ጽሑፎች እንደሚያስረዱት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከሕንድ የመጣ አንድ ሰው ቀለል ያለ ድንጋይ አይቶ፣ በጉጃራት ኖራ ከሚሠራበት ድንጋይ ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ለየ። ከዚያ በኋላ ኖራ ማቃጠል በስፋት ተያዘ።

አሠራሩን ለወጣት ባልደረቦች ባጭሩ ላስታውስ። የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል የካርቦን ጋዙ ይወጣና ጥሬ ኖራ ይቀራል። ጥሬው ኖራ ውኃ ሲነካው እየፈላ ይበርዳል፤ ይህ የበረደ ኖራ ከአሸዋ ጋር ተቦክቶ በድንጋይ መካከል ይገባል። ከዚያም የሰጠውን ጋዝ ከአየር ቀስ በቀስ መልሶ እየሳበ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ይህ ጕዞ ወራትን፣ በወፍራም ግድግዳ ውስጥም ዓመታትን ይወስዳል። የኖራ ማያያዣ ከሲሚንቶ ይልቅ ለስላሳ ነው፤ ግድግዳው በትንሹ ሲንቀሳቀስ አብሮት ይንቀሳቀሳል። እንደ ሲሚንቶም እርጥበትን አያግድም፤ ክረምት ያስገባው ውኃ በበጋ በማያያዣው በኩል ተንኖ ይወጣል። ይህን ጠባይ ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ይህ ዕውቀት በቤተ መንግሥት ብቻ አልቀረም። በጢስ ዓባይ ፏፏቴ አጠገብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በዓባይ ላይ የተሠራው የአላታ ድልድይ በዚሁ በኖራ የተያያዘ ቅስት ነው። ለዐፄ ፋሲለደስም በአፈ ታሪክ ሰባት ድልድዮች ይቈጠሩላቸዋል። ድልድይ ምን ማለት ነው? ክረምት የዘጋውን መንገድ መክፈት ማለት ነው። በአንድ በኩል ክረምትን ተቀምጦ የሚያሳልፍበት ግንብ የሠራ መንግሥት በሌላ በኩል ክረምትን የሚሻገርበት ድልድይ ሠራ፤ የሁለቱም ማያያዣ አንድ ነበር።

ማን ሠራቸው?

ጎንደርን የጐበኘ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሰጠው መልስ «ፖርቱጋሎች» የሚል ነው። ይህ መልስ ከዘመን ቅደም ተከተል ጋር አይስማማም። በጎርጎራ ለዐፄ ሱስንዮስ የድንጋይ ቤት ያሠራው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ የሞተው በ1614 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ፋሲለደስ በነገሡ በሁለት ዓመት ውስጥ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ የጎንደር ግንብ ሥራ የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ጉዛራ ደግሞ እንደሚነገረው የዐፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ ከሆነ ፓኤዝ በ1595 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት የቆመ ነው።

ይህ ማለት ከውጭ የመጣ ዕውቀት አልነበረም ማለት አይደለም። የኖራውን ታሪክ አይተናል። ሊቃውንት በጎንደር ሕንፃዎች ውስጥ የሕንድን፣ የፖርቱጋልንና የቱርክን እጅ አሻራ ሲያመለክቱ ቆይተዋል፤ ከፖርቱጋል ወታደሮች የተወለዱ፣ በአገሩ የቀሩ ሰዎችም ነበሩ። ነገር ግን አንድን ሥራ ከውጭ የመጣ ጥቂት ባለሙያ ሊያስጀምረው ይችላል፤ ለመቶ ዓመት ከንጉሥ ወደ ንጉሥ እያሻሻለ ሊቀጥለው የሚችለው በአገሩ ሥር የሰደደ የሙያ ማኅበረሰብ ብቻ ነው።

ያ ማኅበረሰብ ማን እንደነበረ የታሪክ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። በጎንደር ዘመን ከድንጋይ ጠራቢዎቹ፣ ከግንበኞቹ፣ ከአናጢዎቹና ከአንጥረኞቹ መካከል ከፍ ያለውን ስፍራ የያዙት ቤተ እስራኤል ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ርስት የተነፈጉ፣ «ጠይብ» እየተባሉ የተናቁ፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ተብለው የሚፈሩ ነበሩ። ቤተ መንግሥቱን የሠራውን እጅ ኅብረተሰቡ ቡዳ ብሎ ጠራው። የፖርቱጋል ተረት እንዲህ ሥር የሰደደበት አንዱ ምክንያት ይህ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። በእጅ ሥራ የሚተዳደርን ሰው የሚንቅ ኅብረተሰብ ታላቅ ሕንፃ ሲያይ ሠሪውን ከሩቅ አገር ይፈልጋል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ሙያችን በአገራችን የቆመው በእነዚህ ስማቸው ባልተጻፈ ሰዎች ትከሻ ላይ ነው።

የአንድ ቀን ጕብኝት

የተለመደው የአንድ ቀን ጕብኝት ከፋሲል ግቢ ይጀምራል። ግቢውን የሚከብበው ቅጥር 900 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውና 12 በሮች የነበሩት ነው፤ ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እርግብ በር፣ በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም የሚጠራው እንቆዬ በር ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙ ሰው የሚመጣው ለጥምቀት፣ ጥር ላይ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ድንጋዩ የደረቀ ነውና ለፎቶግራፍ ይመቻል። ባለሙያ ግን በነሐሴ ቢሄድ ይሻላል እላለሁ። ሕንፃ ጠባዩን የሚገልጠው ዝናብ ሲመታው ነው።

የዐፄ ፋሲለደስ ግንብ አራት ማዕዘን ሆኖ በየማዕዘኑ ጉልላት የደፋ ክብ ማማ አለው፤ ከፍ ብሎ የሚታየው ማማው 32 ሜትር ያህል ይደርሳል። ግድግዳው ከጠቆረ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲሆን የበርና የመስኮት ቅስቶቹ በቀላ ድንጋይ ተለይተዋል። አስጐብኚው የግብሩን አዳራሽ፣ ንጉሡ ለሕዝብ የሚታዩበትን ሰገነትና ሰማይ በጠራ ጊዜ ጣና ከሩቅ ይታያል የሚባልበትን ላይኛውን ክፍል ያሳያል። መሐንዲሱ ግን ዓይኑን ከዚያ ትንሽ ዝቅ ማድረግ አለበት። ጉልላት ውኃን አይዝም፤ ያንሸራትታል። ሰገነት ግን ጠፍጣፋ ነው፤ ውኃው ወዴት ይሄዳል? የወለሉ ተዳፋት ወደ የት ያዘነብላል? ከቅጥሩ ጥርሶች መካከል የወጣው ውኃ ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል ወይስ ግድግዳውን እየላሰ ይወርዳል? የእንጨት ተሸካሚዎቹ ጫፍ በግድግዳው ውስጥ የሚገባበት ቦታ ደርቋል ወይስ አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል? የግንቡን ጤንነት የሚነግሩን እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው።

ከዚያ ቀጥሎ የሚታየው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሸጋገረ ሥራ ነው። ከ1660 እስከ 1674 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍቱን አሠሩ። ልጃቸው አድያም ሰገድ ኢያሱ በዝሆን ጥርስና በመስተዋት ያጌጠ ነበር የሚባለውን ግንብ አቆሙ። ዐፄ ዳዊት የዘፈን አዳራሽ፣ ዐፄ በካፋ ሰፊ የግብር ቤት፣ እቴጌ ምንትዋብ ደግሞ በግቢው ውስጥና ከከተማው ወጣ ብሎ በቍስቋም የየራሳቸውን ሕንፃ ጨመሩ። እያንዳንዱ ንጉሥ ያለፈውን አፍርሶ በቦታው አልሠራም፤ አጠገቡ ጨመረ። ስለዚህ ፋሲል ግቢ ከመቶ ዓመት በላይ የተሠራበት የግንበኝነት ትምህርት ቤት ሆኖ ይነበባል።

ከሰዓት በኋላ ጕብኝቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል። በገንዳው ላይ በቅስቶች የተደገፈች ፎቅ ቤት አለች፤ በዙሪያው ያለውን ቅጥር የትላልቅ ዛፎች ሥር አቅፎታል። ጐብኚው ሥሩንና ድንጋዩን አይቶ ይደነቃል፤ ፎቶግራፍም ያነሣል። ለባለሙያው ግን ያ ሥር ግድግዳውን የሚፈለቅቅ ክንድም፣ ቢቈረጥ ድንጋዩን የሚለቅ ማሰሪያም ነው፤ ሊወሰንበት የሚገባ ከባድ ጥያቄ ነው። ገንዳው ለጥምቀት በዓል ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውኃ ይሞላል። ውኃ በሚጐድልበት በጥር ወር ገንዳ የሚሞላ ቦይ መዘርጋት የነዚያን ሰዎች የውኃ ምህንድስና ያሳያል። የሰማዩን ውኃ ከሕንፃ ማራቅ፣ የወንዙን ውኃ ደግሞ ወደሚፈለግበት ማምጣት፤ የጎንደር ሥራ በእነዚህ ሁለት ቃላት ሊጠቃለል ይችላል።

እሳት፣ ቦምብና ሲሚንቶ

ግንቦቹ ዛሬ የምናያቸው ሆነው የቀሩት በብዙ መከራ አልፈው ነው። የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ የዐፄ ፋሲለደስ ግንብ በከፊል ፈርሶ አገኘው።  በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ሥልጣን አጥቶ ስም ብቻ ሲቀርለት ጣሪያ የሚያስጠግን ገንዘብም ጠፋ። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ከተማዋን አቃጠሉ፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አወደሙ። በ1928 ዓ.ም. ጎንደርን የያዘው የፋሺስት ጦር ግቢውን ለጽሕፈት ቤት ተጠቀመበት፤ እስከ ኅዳር 1934 ዓ.ም. ድረስ በዚያ በተደረገው ውጊያም የእንግሊዝ አውሮፕላኖች የጣሉት ቦምብ ከግንቦቹ አንዳንዶቹን መታ።

የሙያችን ልዩ ትኵረት የሚገባው ግን ሌላ ጉዳት አለ፤ የመጣውም በጥገና ስም ነው። ኢጣሊያኖች ግንቦቹን ሲጠግኑ ሲሚንቶና አርማታ ተጠቀሙ። በዘመኑ ዕውቀት ሲሚንቶ ከኖራ የጠነከረ ስለሆነ የተሻለ መስሏቸው ይሆናል። ነገር ግን ሲሚንቶ እርጥበትን ያግዳል። ክረምት በስንጥቅ በኩል ያስገባው ውኃ በኖራ ግድግዳ ውስጥ ሲሰራጭ ከላይ በሲሚንቶ ልስን ተዘግቶ መውጫ ያጣል፤ ወደ ድንጋዩና ወደ እንጨቱ ይመለሳል፤ ጨውም ይዞ ይሄዳል። ድንጋዩ ቀስ በቀስ ይሰለባል፤ ልስኑ ግን ከውጭ ሲታይ ደኅና ነው። ጠንካራው ደካማውን ሲጠብቅ እንደሚያጠፋው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በምህንድስና ውስጥ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ የተደረገው የጥገና ሥራ ከዋና ተግባሮቹ አንዱ ይህን ተገቢ ያልሆነ ጭማሪ እያነሡ በኖራ መተካት ነበር። በቅርብ ዓመታትም በመንግሥት በኩል በግቢው ውስጥ ሰፊ የእድሳት ሥራ ተካሂዷል።

እድሳት መልካም ነው፤ ሆኖም ኖራ የሚያስተምረን አንድ ቁም ነገር አለ። የኖራ ሕንፃ በሃምሳ ዓመት አንድ ጊዜ በታላቅ በጀትና በታላቅ ምረቃ አይጠበቅም። የሚጠበቀው በየዓመቱ በግንቦት መጨረሻ ቦዩን በመጥረግ፣ ከስንጥቅ የበቀለውን ሣር በመንቀል፣ የተቦረቦረውን መጋጠሚያ በመሙላት፣ በጥቅምት ደግሞ ክረምቱ ያደረሰውን ጉዳት መዝግቦ በመጠገን ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ጥቂት ገንዘብ፣ ጥቂት ሰዎችና የማይቋረጥ ልማድ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህ የጐብኚው ቍጥር ሲቀንስ በአስጐብኚነት የሚተዳደሩት የጎንደር ልጆች ኑሯቸው ተናግቷል። ጐብኚ መጣም አልመጣ ግን ክረምት ይመጣል። ጥገናውን ከጐብኚ ገቢ ጋር ብቻ ማሰር ግንቦቹን በጦርነቱ ሁለት ጊዜ መጉዳት ይሆናል።

ስለዚህ ምን እናድርግ?

እኛ በልደታ የምንኖርና የምንሠራ ሰዎች ይህን ጉዳይ ከሩቅ የምናየው መሆን የለበትም። ቦሌ ከመከፈቱ በፊት የአዲስ አበባ የአውሮፕላን ማረፊያ የነበረው ልደታ ነው፤ አካባቢው ዛሬም «አሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ» የሚል ስም ያለው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከልደታ ሰፈሮች ሰፊው ክፍል ፈርሶ በምትኩ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ፎቆች ተሠርተዋል። የፈረሱት ቤቶች አብዛኞቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ ሕዝቡም የተሻለ ቤት ይገባው ነበር። ሆኖም ከፈረሰው ውስጥ ምን መጠበቅ ነበረበት ብሎ የጠየቀና በሥዕል የመዘገበ ባለሙያ ጥቂት ነው። መሥራት የተማርን ነን፤ መጠበቅ ግን ገና አልተማርንም። በአዲሶቹ ሕንፃዎቻችን ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ በነሐሴ የሚቆመው ውኃም የጎንደር ግንበኞች የጠየቁትን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቀናል።

ለማኅበራችን አባላት ሦስት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ኖራን አቃጥሎና አብርዶ መሥራት የሚያውቁ ግንበኞች ቍጥራቸው ሳይመናመን ዕውቀታቸው በጽሑፍና በሥልጠና እንዲያዝ፣ በምህንድስና ትምህርት ቤቶችም ከሲሚንቶ ጎን ተገቢውን ሰዓት እንዲያገኝ ብንጥር። ሁለተኛ፣ አስጐብኚዎች ከነገሥታቱና ከመላእክቱ ታሪክ ጋር የኖራ አቃጣዩን፣ የድንጋይ ጠራቢውንና የቦይ ቀዳጁን ታሪክ እንዲተርኩ በሙያችን ብናግዛቸው። በአስጐብኚነት የሚሠሩት ወጣቶች ለመስማት ዝግጁዎች ናቸው፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ የጠየቅናቸው እንጂ የነገርናቸው ጥቂት ነው። ሦስተኛ፣ ሁኔታው በፈቀደ ጊዜ ማኅበራችን ወደ ጎንደር የሚያደርገውን ጕብኝት በጥር ሳይሆን በክረምት ቢያደርገው፤ እያንዳንዱ አባልም አንድ ግድግዳ ወይም አንድ ሰገነት ተከፋፍሎ ውኃው የሚገባበትንና የሚወጣበትን በንድፍ ይዞ ቢመለስ።

እነዚያ ንድፎች ለቅርስ ጥበቃ ባለ ሥልጣንና ለጎንደር ከተማ ቢበረከቱ ለሚቀጥለው የግንቦት ጽዳትና ለሚቀጥለው የጥቅምት ጥገና መነሻ ይሆናሉ። በሚቀጥለውም ክረምት ሌሎች አባላት በዚያው ግድግዳ ሥር ቆመው፣ ያን ንድፍ በእጃቸው ይዘው፣ ውኃው መንገዱን ቀይሮ እንደሆነ ሊያረጋግጡ ይችላሉ።